ስለ ጦርነትና ስለ ራብ የመሰከረው ፎቶግራፍ አንሺ መሐመድ አሚን

በቀድሞ ዘመን የጦርነትን ነገር ለኋላ ትውልድ የሚያቈዩት ጸሐፌ ትእዛዞችና አዝማሪዎች፥ በቤተ ክርስቲያንም ግድግዳ ላይ ሠዓሊዎች ነበሩ። ጸሐፌ ትእዛዙ ንጉሡ የወደደውን ይጽፋል፤ አዝማሪው ያበላውን ጌታ ያወድሳል፤ ሠዓሊውም ድል አድራጊውን በሙሉ ፊቱ፥ ድል የኾነውን ግን በአንድ ዓይኑ ብቻ አድርጎ ይሥለዋል። ፎቶግራፍ የሚባለው ጥበብ በተገኘ ጊዜ ብዙ ሰዎች ከእንግዲህ ወዲህ እውነቱ ያለ አድልዎ ይታያል ብለው ተስፋ አደረጉ። ተስፋው በከፊል ተፈጸመ፥ በከፊልም ሳይፈጸም ቀረ። ይህንንም ነገር በአንድ ሰው ሕይወትና ሥራ ለመግለጽ ስለ ፈለግን፥ የኬንያው ተወላጅ የመሐመድ አሚንን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ሰውዬው የአገራችን ልጅ አይደለም፤ ሃይማኖቱም እስላም ነው። ነገር ግን ከሥራዎቹ ኹሉ የሚበልጠውን የሠራው በአገራችን ነው፤ አንድ እጁን ያጣው በአገራችን ነው፤ የሞተውም ከአዲስ አበባ በተነሣ አይሮፕላን ነው።

አስቀድሞ ስለ ጥበቡ ጥቂት እንናገር። በጦር ሜዳ ፎቶግራፍ በማንሣት ስማቸው ከታወቀው ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1855 ዓመት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ መሣሪያውን በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ጭኖ ወደዚያ ሄደ። በዚያን ጊዜ አንድ ሥዕል ለማንሣት ብዙ ጊዜ ይፈጅ ስለ ነበር የሚንቀሳቀስ ነገር አይያዝም፤ ስለዚህ የፌንተን ሥዕሎች የሰፈሩ ድንኳኖችን፥ የተቀመጡ መኰንኖችንና ባዶ ሸለቆን ያሳያሉ እንጂ ውጊያውን አያሳዩም። የሞተ ሰውም በእነርሱ ውስጥ አይታይም። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የመሐንዲሶች ክፍል ወታደሮች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ ተራራውንና ሰፈሩን አነሡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ሕፃን ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እጅ ፎቶግራፍ ተነሣ። የዚያን ሕፃን ኀዘንተኛ ፊት የሚመለከት ሰው፥ ፎቶግራፍ ስለ ጦርነት የሚናገረው በሜዳው ላይ ብቻ እንዳልኾነ ይረዳል።

መሐመድ አሚን ነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከህንድ አገር ከፑንጃብ መጥቶ በምድር ባቡር ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ ዳሬ ሰላም በተዛወረ ጊዜ ሕፃኑ በዚያ ትምህርት ቤት ገባ፤ ገና በልጅነቱም አንድ ያገለገለ ተራ ካሜራ ገዝቶ የትምህርት ቤቱን ጨዋታና የከተማውን ነገር ያነሣ ዠመር። ዕድሜው ሀያ ዓመት በኾነ ጊዜ፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963፥ ካሜራፒክስ የሚባለውን የራሱን ድርጅት በዳሬ ሰላም አቆመ። ሀብት አልነበረውም፤ የነበረው ትጋትና ነገር ከሚኾንበት ቦታ ከሰው ኹሉ ቀድሞ የመድረስ ልማድ ነው።

ይህም ልማድ ወዲያው ተፈተነ። በጥር ወር 1956 ዓ.ም. በዛንዚባር ደሴት ሁከት ተነሥቶ የሡልጣኑ መንግሥት ሲወድቅ መሐመድ አሚን ባሕሩን ተሻግሮ ሄደ፤ ያየውንም አነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዚያው ደሴት ተይዞ አንድ ወር ያህል ታሰረ፤ በእስር ቤትም ብዙ መከራ ተቀበለ። ከዚያም በተባረረ ጊዜ ሥራውን ወደ ተወለደበት ከተማ ወደ ናይሮቢ አዛወረ። ያ እስር ለሌላ ሰው ሥራውን የሚያስተው ነበር፤ እርሱን ግን ሥዕሉ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ባልታሰረበት ነበር የሚለውን ነገር ሳያስተምረው አልቀረም።

ሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም. የኬንያ ሚኒስትር የነበረው ቶም ምቦያ በናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲመታ፥ መሐመድ አሚን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ቁስለኛው በአምቡላንስ ሲወሰድ አነሣ። በዚህም ሥራው በእንግሊዝ አገር የዓመቱ የቴሌቪዥን ካሜራ ሠራተኛ ተብሎ ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ ቪስኒውስ ለሚባለው የእንግሊዝ የዜና ፊልም ድርጅት በአፍሪካ ዋና ሠራተኛ ኾነ። የዩጋንዳውን ገዥ ኢዲ አሚንን ፊት ለፊት አነጋግሯል፤ እስላም እንደ መኾኑም ወደ መካ ሄዶ የሐጁን ሥርዓት በሥዕል አሳይቶ መጽሐፍ አሳትሟል፤ በቱርካና ሐይቅ ዙሪያ ስለሚኖሩ ሕዝቦችም ሌላ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ብዙ ሰዎች የማያስታውሱት ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለተጓዦች የሚያድለውን ሰላምታ የተባለውን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው የእርሱ ድርጅት መኾኑን ነው። ስለዚህ አገራችንን በመከራዋ ብቻ አላወቃትም፤ ተራራዋን፥ ገዳማቷንና በዓሎቿንም አንሥቶ ለዓለም አሳይቷል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። የ1977 ዓ.ም. ነገር እንዲገባን ግን ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ራብ ገብቶ ነበር፤ የዚያን ጊዜ መንግሥትም ነገሩ እንዳይሰማ ሸፈነው። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያልታወቀው ራብ የተባለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ዓለምም አወቀ። ደርግ በተነሣ ጊዜ ይህንኑ ፊልም ወስዶ፥ የራብተኞቹን ሥዕል ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ሥዕል ጋራ እያፈራረቀ፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየው። በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግዲህ ሥዕል ብቻውን ንጉሥ ያወርዳል ባንልም፥ ሕዝቡን ለዚያች ቀን ያዘጋጀው ያ ፊልም እንደ ነበረ ማንም አይክድም።

የሚያስደንቀው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተራቡትን ሥዕል አሳይቶ ሥልጣን የያዘው መንግሥት፥ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ራሱ የተራቡትን ይሸሽግ ዠመር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛው የአብዮት በዓል በብዙ ወጪ በአዲስ አበባ ይከበር ነበር፤ አደባባዩ በቀይ ጨርቅና በብርሃን አጊጦ ነበር፤ የሠራተኞች ፓርቲም ያን ጊዜ ተመሠረተ። በዚያው ወር በትግራይ፥ በወሎና በኤርትራ ሕዝብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዲሄዱ አይፈቀድም ነበር። ጌታችን በምሳሌ የተናገረው ባለጠጋና በደጁ የወደቀው አልዓዛር በአንድ አገር በአንድ ወር ተገናኙ ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለውን በር ለመክፈት ግን ማንም አልደፈረም።

መሐመድ አሚን በብዙ ዓመት ሥራ ያፈራውን ትውውቅ ይዞ፥ ለምኖም ተከራክሮም ፈቃዱን አገኘ። ከእንግሊዙ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋራ በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ወደ መቀሌና ወደ ኮረም ሄደ። ኮረም በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በደጋ ላይ ያለች፥ ሌሊቷ ብርቱ ቍር የኾነ ከተማ ናት። በውጭዋ ባለው ሜዳ ላይ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከየቀበሌው መጥቶ ሰፍሮ ነበር፤ መጠለያ ያላገኘው በነጠላው ተጠቅልሎ በሜዳ ያድራል። ሲነጋ የሌሊቱ ሬሳ በጨርቅና በጆንያ እየተገነዘ በመደዳ ይጋደማል፤ የለቅሶ ድምፅም ከጪሱና ከጉሙ ውስጥ ይሰማል። መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ በዚያ ሕዝብ መካከል ቀስ ብሎ ሄደ። በመቀሌም የቀይ መስቀል አስታማሚ የነበረችው ክሌር በርትሺንገር ምግቡ ስለማይበቃ ከብዙ መቶ ሕፃናት መካከል የሚመገቡትን ጥቂቶቹን መምረጥ ግዴታዋ እንደ ኾነ አየ። ያ ምርጫ ምን ያህል ከባድ እንደ ኾነ እናት የኾነች ኹሉ ታውቀዋለች።

ፊልሙ ወደ ሎንዶን ተልኮ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ተናጋሪው ማይክል በርክ ራቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ከተነገረው ራብ ጋራ አመሳሰለው። በዚያው ቀን በአሜሪካ ታየ፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ከ400 የሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዳሳዩት ይነገራል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝ አየር ኃይልና የሌሎችም መንግሥታት የጭነት አይሮፕላኖች እህል ይዘው መጡ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ሥዕሉን አይቶ ጓደኞቹን ሰብስቦ ለገና በዓል መዝሙር አሳተመ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጥ ዶላር እንደ ተሰበሰበ ይነገራል። ገንዘብ የላኩት መንግሥታት ብቻ አይደሉም፤ ሕፃናት የኪሳቸውን ሳንቲም ሰጥተዋል። ከዚያ በፊት የርዳታ ድርጅቶች ለወራት ደብዳቤና ቍጥር እየጻፉ ይለምኑ ነበር። ቍጥሩ ሊያደርገው ያልቻለውን የሰባት ደቂቃ ሥዕል አደረገው።

እዚህ ላይ ግን ምስጋናውን ገታ አድርገን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል፤ የታሪክ ጸሐፊ የሚያመሰግነውንም ሰው ሥራ መመርመር ግዴታው ነውና።

ፊተኛው፥ ሥዕሉ እውነቱን ኹሉ ተናግሯልን? አልተናገረም። ካሜራ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው። የሞተውን ሕፃን ያሳያል፤ የገደለውን ምክንያት ግን አያሳይም። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሰሜኑ ክፍል ለዓመታት ይደረግ የነበረው ጦርነት አዝመራውን አቃጥሎ፥ ገበያውን ዘግቶ፥ መንገዱን ቈርጦ ነበር። ዓለም ግን ሥዕሉን አይቶ ድርቅ ብቻ ነው ብሎ ተቀበለው። ከዚያም በኋላ መንግሥቱ ድርቁን ምክንያት አድርጎ 6 መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙዎቹም በግድ ተወሰዱ፥ በመንገድና በሰፈራውም አለቁ። ይህን የተቃወመው የፈረንሳይ ሐኪሞች ማኅበር በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በራቡ ያለቀውን ሕዝብ ቍጥር አንዳንዶቹ 4 መቶ ሺህ፥ ሌሎቹ 1 ሚሊዮን ያደርሱታል። ስለዚህ የመሐመድ አሚን ሥዕል ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን የምስክሩ ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ መናገር የብዕር ሥራ ነበር።

ሁለተኛው፥ ሰው እየሞተ ፎቶግራፍ ማንሣት ርኅራኄ ማጣት አይደለምን? በመንገድ ተደብድቦ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ተወቅሰዋል፤ ቆሞ ሥዕሉን የሚያነሣውስ ከእነርሱ በምን ይሻላል የሚል ይኖራል። መልሱ እንዲህ ይመስለናል። መሐመድ አሚን በዚያ ሜዳ አንድ እንጀራ ይዞ ቢሆን አንድ ሰው ባበላ ነበር፤ እንጀራው ባለቀ ጊዜም እጁ ባዶ በቀረ። እርሱ ግን የያዘው በሩቅ ያሉትን ሰዎች የሚጠራ መሣሪያ ነው። ሳምራዊው ቁስለኛውን በእጁ አነሣው፤ መሐመድ አሚን ደግሞ በመንገዱ የሚያልፉትን ሚሊዮኖች አስቁሞ ቁስለኛውን አሳያቸው። ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ሁለቱም ግን አይተው አላለፉም። ከዚያም ወዲያ ደጋግሞ ወደዚያው አገር ተመለሰ እንጂ ሽልማቱን ተቀብሎ አልረሳንም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ የታዩት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር? ካህን ጸሎተ ፍትሐት ሲያደርስ ሟቹን በክርስትና ስሙ ይጠራዋል፤ ድኻም ቢሆን፥ ሬሳው በጆንያ ቢገነዝም ስሙ በእግዚአብሔር ፊት ይጠራል። ፎቶግራፍ ግን ስም አይጠራም። ዓለም ኹሉ ፊታቸውን አየ፤ ገበሬ ይሁኑ ደብተራ፥ የስንት ልጆች አባት ይሁኑ ማን ወላጅ፥ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ስም በባዕድ አገር ሲጠራ ራብ ብቻ የሚታሰባቸው ሰዎች በዙ፤ በውጭ የሚኖሩ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት በዚህ እንደ ተሰደቡ ይናገራሉ። ይህ ጥፋት የፎቶግራፍ አንሺው ብቻ አይደለም። ቸርነትን ከአክብሮት ለይቶ የሰጠው ተመልካች፥ ይልቁንም ራቡን ሸሽጎ አገሪቱን ለዚህ ዕፍረት ያበቃት መንግሥት ከእርሱ ይልቅ ይጠየቁበታል።

የቀረውን የሕይወቱን ታሪክ እንፈጽም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ መንግሥት ራሱ ወደቀ። ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ መሐመድ አሚን በከተማው ነበር፤ አነሣውም። ከሳምንት በኋላ፥ ግንቦት 27 ቀን ሊነጋ ሲል፥ በከተማው ያለ የጦር መሣሪያ መጋዘን ተቃጥሎ ይፈነዳ ዠመር። መሐመድ አሚን ከባልደረቦቹ ጋራ ወደ እሳቱ ሄደ። ድምፅ የሚቀዳለት ባልደረባው ጆን ማታይ በዚያ ፍንዳታ ሞተ፤ መሐመድ አሚንም ግራ እጁን አጣ። ካሜራ በሁለት እጅ የሚያዝ ነገር ነውና ብዙ ሰዎች ሥራው ተፈጸመ አሉ። እርሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ፥ ካሜራውንም ለዚያ እንዲመች አሠርቶ፥ ዓመት ሳይሞላ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አይሮፕላን ተሳፈረ። ከርሱ ጋራ የሥራ ባልደረባው ጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ነበር። በመንገድ ሦስት ሰዎች ተነሥተው አይሮፕላኑን በግድ ያዙ፤ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴኑ ልዑል አባተ ነዳጁ ለዚያ እንደማይበቃ ደጋግመው ቢነግሯቸውም አልሰሙም። መሐመድ አሚን ከመቀመጫው ተነሥቶ ከጠላፊዎቹ ጋራ ይነጋገርና ይከራከር እንደ ነበረ የተረፉት ሰዎች ተናግረዋል። ነዳጁም ባለቀ ጊዜ ካፒቴኑ አይሮፕላኑን በኮሞሮ ደሴቶች ዳርቻ በባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ው ተረፉ፤ ካፒቴኑም ከተረፉት አንዱ ናቸው። መሐመድ አሚንና ብራያን ቴትሊ ግን ከሞቱት ጋራ ተቈጠሩ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። በሕይወቱ ኹሉ የሌላውን መከራ ቆሞ ያነሣ የነበረ ሰው፥ በመጨረሻዋ ሰዓት ካሜራውን ሳይኾን ቃሉን ይዞ በመከራው መካከል ቆመ።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ካሜራ ያለበት ስልክ አለ። ግን ነገሩ ቀሏል ማለት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ስልኩና ኢንተርኔቱ ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ፥ ለጋዜጠኞችም መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ በዚያው መጠን የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ሥዕል የዚህ ነው እየተባለ ይዞር ነበር። ሥዕል ሲከለከል ሐሰት ቦታውን ይይዛል። ቀድሞ የሚያስቸግረው ሥዕል ማጣት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ተጨምሮበታል። ስለዚህ ቦታው ላይ በእግሩ ደርሶ፥ ስሙንም አስይዞ፥ ይህን እኔ አየሁ የሚል ምስክር ዛሬም ዋጋው አልቀነሰም።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የቀረ ሥራ አለ። ኮረም፥ መቀሌና በዚያ ዙሪያ ያሉ አድባራት በዚያ ዓመት የሞቱትን የሚያስታውሱ ካህናትና ሽማግሌዎች ዛሬም አሏቸው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ቍጥራቸው ያንሳል። መሐመድ አሚን ፊታቸውን አቈየልን፤ ስማቸውን ማቈየት ግን ከእርሱ የሚጠበቅ አልነበረም፤ ከእኛ ነው እንጂ። የሚያስታውሱት ሰዎች ሳያልፉ በየደብሩ እየጠየቁ በመዝገብ መጻፍ የሚቻል ነገር ነው፤ ወረቀትና ብዕር ያለው ካህን፥ ጊዜ ያለው ተማሪ ይበቃዋል። እንዲህ ቢደረግ ሥዕሉና ስሙ ይገናኛሉ፤ ግማሽ የቀረውም ምስክርነት ይሞላል።